ስማችንን ጎረቤት ሄደው ለጠየቁ ጸሐፊ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰንብቶ እኔም ዘንድ ደረሰ። የላኩልኝ ሦስት ሰዎች ናቸው። ሁለቱ ያለ ምንም ቃል ነው የላኩት። ሦስተኛዋ አክስቴ ግን «እስቲ አንብበህ ንገረኝ፣ ይሄ ነገር እውነት ነው?» የሚል የድምፅ መልእክት አክላበታለች። ቅር እንዳላት ከድምፅዋ ያስታውቃል።

ጽሑፉ የሚለው ባጭሩ እንዲህ ነው። «ኢትዮጵያ» ግሪኮች ያወጡልን ስም ነው፤ ትርጉሙም «ፊቱ የተቃጠለ» ስለሆነ ስድብ ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ የተጠቀሰችው ኢትዮጵያ የዛሬዋ ሱዳን ናት እንጂ እኛ አይደለንም። አገራችን እስከ 1931 እ.ኤ.አ. ድረስ አቢሲኒያ ስትባል ኖራ፣ በዚያ ዓመት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በአዋጅ ኢትዮጵያ አሏት። «ሐበሻ» የሚለውም ዐረቦች «ድብልቅ» ሲሉን የሰጡን ስም ነው። ስለዚህ የተዋስነውን ለባለቤቱ መልሰን የራሳችንን እንፈልግ፤ መጽሐፍ ቅዱሳዊው «ኩሽ» ይሻላል።

ለአክስቴ «ግማሹ እውነት ነው» ብዬ መለስኩላት። «የትኛው ግማሽ?» አለችኝ። ይኸው።

ቃሉ ግሪክ ነው በሚለው ላይ ክርክር የለኝም። እንዲያውም ጸሐፊው ያላቀረቡትን ማስረጃ ልጨምርላቸው፤ ፊደላችን ራሱ ይመሰክራል። ሀሁ የቆጠረ ሰው ሁሉ ከጨ ቀጥላ የምትመጣውን ጰን ያውቃታል። ይህች ፊደል በግእዝ ውስጥ በአብዛኛው የምትገኘው ከግሪክ በመጡ ቃላት ላይ ነው፦ ጴጥሮስ፣ ጳውሎስ፣ ጳጳስ፣ ጰራቅሊጦስ፣ የምንበላበት ጠረጴዛ ሳይቀር። የግሪኮቹ «ፒ» ወደ ግእዝ ሲገባ ጰ ሆነ። «ቴታ» የሚሉት ፊደላቸው ደግሞ ተ ሆነ፦ ማቴዎስ፣ ቶማስ፣ ቴዎድሮስ። «አይቲዮፒያ» በእነዚህ ሁለት በሮች ሲያልፍ «ኢትዮጵያ» ሆኖ ይወጣል። ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም።

ይህን ስል ከሌላው ወገን ደግሞ የሚቀየሙኝ አሉ። «ኢትዮጵ ማለት ለፈጣሪ የቀረበ ቢጫ ወርቅ ነው» የሚለውን ትርጓሜ የሚወዱ ወዳጆች አሉኝ። ለእነርሱም ያው ነው የምለው። በግእዝ ወርቅ «ወርቅ» ነው፤ ያው የምናውቀው ቃል። የኩሽ ልጅ ኢትዮጲስ ነው ስሙን የሰጠን የሚለው ትውፊትም በታሪክነቱ ደስ ይላል፤ ግን ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 10 የኩሽን ልጆች አንድ በአንድ ሲቆጥር ኢትዮጲስ የሚባል የለበትም። ጸሐፊውን የምተቸው ስም አጥፍተዋል ብዬ አይደለም፤ የአገር ስም በወርቅም በስድብም አይቆምም።

ስድብ ነው ወደሚለው ልምጣ። በተለምዶ እንደሚፈታው ቃሉ «ማቃጠል» ከሚል ግሥና «ፊት» ከሚል ስም የተሠራ ነው፤ ፀሐይ ያጠቆረው ፊት ለማለት። ሁሉም ሊቅ በዚህ አይስማማም። የሆላንዱ የቋንቋ ሊቅ ሮበርት ቤከስ የቃሉ አሠራር በግሪክ ሕግ በደንብ አይፈታም፣ ግሪኮቹ ራሳቸው ከእነርሱ በፊት ከነበረ ሕዝብ ሳይወስዱት አይቀሩም ብሎ ተከራክሯል። ቃሉ ጥንታዊ ለመሆኑ ግን ጥርጥር የለም። በደቡብ ግሪክ በጲሎስ ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ውስጥ በተገኙ፣ ከ3,200 ዓመት ገደማ በፊት በተጻፉ የሸክላ ሰሌዳዎች ላይ የሰው ስም ሆኖ ይገኛል። ያ ሰው ማን እንደነበረ ሰሌዳው አይነግረንም፤ ስሙ ግን በመሬት መዝገብ መሐል አለ።

የግሪኮቹ የመጀመሪያ ገጣሚ ሆሜርስ ምን ይላል? በኢልያድ አንደኛ መጽሐፍ ዜውስ ከአማልክቱ ሁሉ ጋር ወደ «ነቀፋ የሌለባቸው» ኢትዮጵያውያን ግብዣ ሄዶ የሚመለሰው በ12ኛው ቀን ነው። በኦዲሲ መግቢያ ላይም ጶሴይዶን እዚያው ለድግስ ሄዷል። ለሚሰድቡት ሕዝብ እንዲህ ያለ ግጥም አይገጠምለትም። ቃሉ መልክን ይናገራል፤ ይህ እውነት ነው። መልክን መናገር በራሱ ስድብ የሚሆነው ተናጋሪው በመልኩ ሲያፍርበት ነው።

ቃል ክብሩንም ነውሩንም የሚያገኘው ከሚጠቀምበት ሰው ነው። ለዚህ እስራኤል ከሚኖሩ ወገኖቻችን የተሻለ ምስክር የለም። በዕብራይስጡ ኦሪት «ኩሺ» የኩሽ ሰው ማለት ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም፤ የሙሴ ሚስት እንኳ «ኩሺት» ተብላለች፣ የእኛ ትርጉም «ኢትዮጵያዊት» የሚለው እሷን ነው። ይኸው ቃል ዛሬ እስራኤል መንገድ ላይ ሲወረወር ግን ጥቁርን ለማዋረድ ነው፤ ልጆቻችንም እንደ ስድብ ነው የሚሰሙት። ጸሐፊው መጽሐፍ ቅዱሳዊው ስም «ኩሽ» ይሻላል ብለው ከሚያቀርቡት ሐሳብ በፊት ቢያንስ ለአንድ የቴል አቪቭ ወጣት ቢደውሉ ጥሩ ነበር።

ሁለተኛው ነጥባቸው ላይ ከሌላው ሁሉ የተሻለ ሠርተዋል። የዕብራይስጡ «ኩሽ» ከግብጽ በስተደቡብ በአባይ ዳር የነበረው፣ ናፓታና መርዌ ላይ የከተመው መንግሥት ነው። በመጽሐፈ ነገሥት የተጠቀሰው ቲርሐቅ ግብጽን ከገዙት የኩሽ ፈርዖኖች አንዱ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት እስክንድርያ ላይ የኦሪት መጻሕፍት ወደ ግሪክ መተርጎም ሲጀምሩ፣ ተርጓሚዎቹ «ኩሽ» የሚለውን አብዛኛውን ጊዜ «አይቲዮፒያ» ብለው መለሱት። ከእነርሱ በፊት ሄሮዶቱስም መርዌን የኢትዮጵያውያን ዋና ከተማ ብሏታል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ፊልጶስ ያጠመቀው ጃንደረባም የመጣው ከዚያው ነው፤ «ህንደኬ» የምንለው የመርዌ ንግሥቶች የማዕረግ ስም ነበርና። «ኢትዮጵያ ታበጽሕ እደዊሃ ኀበ እግዚአብሔር» የሚለው የዳዊት ቃል በዕብራይስጡ «ኩሽ» ነው የሚለው። ይህን ስናገር ፊቱን የሚያጠቁርብኝ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ግን ያለው ይህ ነው።

ስህተታቸው እዚህ ላይ ማቆማቸው ነው። ታሪኩ ከዚህ በኋላ ነው የሚጣፍጠው።

የአክሱም ነገሥታትም መጀመሪያ ላይ «ኢትዮጵያ» ሲሉ ራሳቸውን አልነበረም። ኮስማስ የተባለ ነጋዴ በ6ኛው መቶ ዓመት አዱሊስ ወደብ ላይ ከአንድ የድንጋይ ዙፋን የገለበጠው የግሪክ ጽሑፍ አለ፤ ያስቀረጸው ከኢዛና በፊት የነገሠ፣ ስሙ የጠፋ የአክሱም ንጉሥ ነው። ይህ ንጉሥ በምዕራብ በኩል «እስከ ኢትዮጵያና ሳሱ ምድር» ድረስ ድል ማድረጉን ይናገራል። ለእርሱ ኢትዮጵያ ማለት በስተምዕራብ ያለች የሰው አገር ነበረች ማለት ነው። ጸሐፊው ይህን ቢያገኙት ኖሮ በደስታ ይጠቅሱት ነበር፤ እኔው ልስጣቸው።

ከዚያ ኢዛና መጣ። የዛሬ ስንት ዓመት አክሱም ሄጄ፣ ወደ ካሌብና ገብረ መስቀል መቃብር በሚወስደው አቀበት ዳር ያለችውን ትንሽ ቤት አስከፍቼ ገብቼ ነበር። ገበሬዎች ያገኙት የኢዛና ድንጋይ እዚያ ቆሟል። አንዱ ፊቱ ላይ ግሪክ ተቀርጿል። ሌላው ፊቱ ላይ ግእዝ ሁለት ጊዜ አለ፤ አንዴ ከቀኝ ወደ ግራ በሚነበብ በሳባ ፊደል፣ አንዴ ደግሞ በራሳችን፣ ግን ገና ካዕብ ሣልስ ባልተለየለት ፊደል። ጠባቂው በያዙት ዱላ ጫፍ መስመር በመስመር እያሳዩ «ይቺ አክሱም ናት፣ ይቺ ሕምየር ናት» ሲሉኝ እኔ የማውቀው አንዱን ፊደል ብቻ ነበር፤ አንገቴን እየነቀነቅኩ ተከተልኳቸው።

ኢዛና በዚያ ድንጋይ ላይ የሚገዛቸውን አገሮች ይዘረዝራል፦ የአክሱም፣ የሕምየር፣ የረይዳን፣ የሐበሠት፣ የሳባ፣ የስልሒን፣ የጽያሞ፣ የብጋና የካሱ ንጉሥ ነኝ ይላል። አሁን ግሪኩን ከሳባ ፊደሉ ጋር አስተያዩት። በሳባ ፊደል «ሐበሠት» በተባለው ቦታ ላይ ግሪኩ «የኢትዮጵያውያን» ይላል። ሁለቱ ስሞች የአንድ ነገር ሁለት መጠሪያ ሆነው እዚያ ድንጋይ ላይ ተገጣጠሙ። ሌላም ነገር ልብ በሉ፦ «ካሱ» ማለት ኩሽ ነው፤ በዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ለብቻው ቆሟል። የአክሱም ቤተ መንግሥት ጸሐፊ በ4ኛው መቶ ዓመት ኩሽን አንድ፣ ኢትዮጵያን ሌላ አድርጎ ቆጠረ ማለት ነው። ስሙ ከአባይ ዳር ተነሥቶ ተራራ የወጣው እንግዲህ በኃይለ ሥላሴ ዘመን አይደለም፤ ከ1,600 ዓመት በላይ ሆኖታል።

ከዚያ በኋላ መጽሐፍ ቅዱስ ከግሪክ ወደ ግእዝ ተተረጎመ። ግሪኩ «አይቲዮፒያ» ስለሚል ግእዙም «ኢትዮጵያ» አለ። ዲያቆኑ በራሱ ቋንቋ «ኢትዮጵያ ታበጽሕ እደዊሃ» ብሎ ሲያነብ፣ የሚሰማው ምእመን መርዌን የት ያውቃታል? መርዌ በዚያን ጊዜ ወድቃለች። በ6ኛው መቶ ዓመት የሮም ታሪክ ጸሐፊው ፕሮኮጲዎስ ካሌብን «የኢትዮጵያውያን ንጉሥ» ብሎ ነው የሚጽፈው። እርግጥ ነው፣ የአክሱም ሳንቲሞች ላይ ያለው «ንጉሠ አክሱም» ነው እንጂ ኢትዮጵያ አይደለም፤ ስሙ በአንድ ሌሊት አልተተከለም። በ14ኛው መቶ ዓመት ክብረ ነገሥት ሲጻፍና የዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ሲጠናቀር ግን ነገሩ ያለቀለት ነበር፤ አገሪቱም ሕዝቡም ንጉሡም የሚጠሩት በዚሁ ስም ነው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ብዙ ሰው ወዳመነው ነጥብ ልምጣ። «እስከ 1931 አቢሲኒያ ነበርን።»

እኔ ጸሐፊውን የምጠይቃቸው አንድ ጥያቄ ነው፦ ማን ነው አቢሲኒያ ያለን? ማስረጃ ብለው ያቀረቡት የእንግሊዝ ጋዜጣ፣ የአውሮፓ ካርታ፣ የመንገደኞች ማስታወሻ ነው። አንድም የግእዝ ብራና፣ አንድም የአማርኛ ደብዳቤ፣ አንድም ማኅተም አልከፈቱም። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። «አቢሲኒያ» የአማርኛ ቃል ሆኖ አያውቅም። ዐረቦች «አል-ሐበሻ» አሉ፤ አውሮፓውያን ከእነርሱ ሰምተው «አባሺያ»፣ «አቤሺም»፣ «አቢሲኒያ» እያሉ ጻፉት። በአማርኛ የምናውቀው አቢሲኒያ ከንግድ ቤት ስም አያልፍም።

ባዕድ የጠራን ስም ሁሉ ስማችን ከሆነማ ችግሩ ብዙ ነው። ፍሬምናጦስ ወደ አክሱም የመጣበትን ታሪክ የጻፈው የላቲኑ ሩፊኖስ አገሩን «ህንድ» ነው የሚለው። ፖርቱጋላዊው አልቫሬዝ በልብነ ድንግል ዘመን አገራችንን ዞሮ አይቶ የጻፈው መጽሐፍ በ1540 እ.ኤ.አ. ሲታተም ርእሱ ላይ ንጉሣችንን አውሮፓውያን በተረት በሚያወሩት ክርስቲያን ንጉሥ ስም «የህንዶች ቄሱ ዮሐንስ» አላቸው። ታዲያ ወደ ህንድነት እንመለስ? በ1441 እ.ኤ.አ. ከኢየሩሳሌም ወደ ፍሎሬንስ ጉባኤ የሄዱት መነኮሳት «የቄሱ ዮሐንስ መልእክተኞች» ሲባሉ ዝም አላሉም፤ የንጉሣችን ስም ዘርዓ ያዕቆብ ነው ብለው አረሙ። ከዛሬ 580 ዓመት በፊት መሆኑ ነው፤ የስም እርማቱ ያኔም ነበር።

የአውሮፓ ካርታዎችም ቢሆኑ ጸሐፊው እንዳሉት አይናገሩም። የሆላንዱ ካርታ ሠሪ ብላው በ1635 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ካርታ ርእስ ሲተረጎም «የላይኛው ወይም የውስጠኛው ኢትዮጵያ፣ በተለምዶ የአቢሲኒያውያን ወይም የቄሱ ዮሐንስ ግዛት» የሚል ነው። «በተለምዶ» የምትለዋን ቃል ልብ ይሏል። ዋናው ስም ኢትዮጵያ፣ የሰፈር መጠሪያው አቢሲኒያ! በሌላ በኩል እነዚያው ካርታ ሠሪዎች ደቡባዊውን አትላንቲክ «የኢትዮጵያ ውቅያኖስ» ይሉት ነበር፤ ጥቁር ሕዝብ የሚኖርበትን ሁሉ በዚህ ስም መጠቅለል ልማዳቸው ነበርና። ስለዚህ ካርታ ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ ለእኔም ለእርሳቸውም።

ባለቤቱን ጠይቆ የጻፈ አውሮፓዊ ሲገኝ ግን ነገሩ ይጠራል። ጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ በ1649 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ አባ ጎርጎርዮስን አገኛቸው፤ የመካነ ሥላሴ ሰው ናቸው። ከሦስት ዓመት በኋላም ወደ ጎታ ቤተ መንግሥት አስመጥቶ ቋንቋውንም ታሪኩንም ከአፋቸው ለቀመ። ሉዶልፍ በ1681 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ ላይ የአገሩ ሰዎች ዐረቦች የሰጧቸውን ስም እንደማይወዱትና መንግሥታቸውን «መንግሥተ ኢትዮጵያ» እንደሚሉ ጽፏል። 1931 የሚመጣው ከዚህ 250 ዓመት በኋላ ነው።

ወደ ቅርቡ እንውረድ። አፄ ዮሐንስ በደብዳቤያቸው ራስ ላይ «ንጉሠ ጽዮን ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ» ናቸው። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመውን የውጫሌን ውል እንውሰድ። በዓለም ላይ እንደዚያ ውል አማርኛውና ጣልያንኛው የተጣሉበት ወረቀት ጥቂት ነው። አንቀጽ 17 በአማርኛው «ይቻላቸዋል» ሲል በጣልያንኛው ግዴታ አደረገው፤ መዘዙ አድዋ ድረስ ሄደ። ሆኖም በዚያው አንቀጽ 17 ላይ ሁለቱም ቋንቋዎች ምኒልክን «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት» ነው የሚሏቸው። በሁሉም ነገር የተጣሉ ሰዎች በስሙ አልተጣሉም። ምኒልክ በ1883 ዓ.ም. የአገራቸውን ወሰን ለአውሮፓ መንግሥታት ያሳወቁበት ደብዳቤም በኢትዮጵያ ስም ነው። የመጀመሪያዎቹ የፖስታ ቴምብሮቻችን ፓሪስ ታትመው ሲመጡ በላያቸው ላይ ያለው «ኢትዮጵያ» ነው፤ በ1901 እ.ኤ.አ. ለውጭ አንባቢ ሲባል የታተመባቸውም የፈረንሳይኛው «ኤትዮፒ» ነው።

ታዲያ 1931 ከየት መጣ? ከባዶ የተፈጠረ አይመስለኝም። በ1898 ዓ.ም. የተከፈተው፣ ከግብጽ ብሔራዊ ባንክ ጋር የተያያዘው ባንክ በውጭ ስሙ «የአቢሲኒያ ባንክ» ይባል ነበር። በ1931 እ.ኤ.አ. ተዘግቶ በምትኩ በአብዛኛው የመንግሥት የሆነው «የኢትዮጵያ ባንክ» ተቋቋመ። የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት የወጣውም በዚያው ዓመት ነው። ባንኩ ስም ቀየረ፤ አንድ ሰው «አገሪቱ ስም ቀየረች» ብሎ ጻፈ፤ ሌላው ከእርሱ ገለበጠ። በእንግሊዝኛ የሚጽፉ ሰዎች ልማድ የተለወጠው ግን ዘግይቶ ነው፤ በ1935 እ.ኤ.አ. ጣልያን ስትወርረን የለንደን ጋዜጦች ገና «አቢሲኒያ» እያሉ ነበር የሚጽፉት። ከአራት ዓመት በፊት በአዋጅ ተቀይሮ ቢሆን ኖሮ ዜናው ያልደረሰው ለእነርሱ ብቻ ነው ማለት ነው?

የሐበሻን ነገር ባጭሩ ልለፈው። በማሪብ፣ የመን የተገኙና ከ1,800 ዓመት በፊት ገደማ የተቀረጹ የሳባ ጽሑፎች ገደረት የሚባል ንጉሥ ይጠቅሳሉ፤ ማዕረጉ «የሐበሠትና የአክሱም ንጉሥ» ነው። የዐረብ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች «መሰብሰብ፣ መደባለቅ» ከሚል ግሥ ጋር ያዛመዱት ከዚያ ብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ነው። ንጉሥ ራሱን «የድብልቆች ንጉሥ» ብሎ ድንጋይ አያስቀርጽም። ደግሞስ የሐበሻ ቀሚስ፣ የሐበሻ መድኃኒት፣ የሐበሻ ቀጠሮ እያልን የምንኖረው እኛው ነን፤ ዋሽንግተን ላይ ታክሲ ውስጥ «ሐበሻ ነሽ እንዴ?» ተብላ ፊቷ የማይፈካ ማን ናት? በዚህ ስም መጠራት የማይፈልጉ ኢትዮጵያውያን መኖራቸውም የታወቀ ነው፤ ያ የእነርሱ መብት ነው፣ ከዐረብኛው ግሥ ጋር ግን አይገናኝም።

ጸሐፊው ሊያነሱት የሚገባ፣ ግን ያላነሱት ከባድ ነገር አለ። ስሙ አንድ ሆኖ ካርታው አንድ አልነበረም። ዓምደ ጽዮን «ኢትዮጵያ» ሲል የሚያስበው ምድርና ምኒልክ በ1883 ዓ.ም. ደብዳቤያቸው ያሰቡት አንድ አይደለም፤ የዛሬዋ ደግሞ ከሁለቱም ትለያለች። ወላይታና ከፋ እስከ 19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የራሳቸው ነገሥታት፣ ለምድራቸውም የራሳቸው ስም ነበራቸው። ኢትዮጵያ የሚለውን ስም መቼ፣ እንዴት፣ በፈቃድ ወይስ በጦር ተቀበሉት የሚለው እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ ቁጭ ብሎ ሊያነጋግር ይችላል። የ1931 ተረት የሚጎዳው ይህንኑ ነው፤ ሰው ሐሰተኛውን ጥያቄ ሲመልስ ውሎ እውነተኛውን ሳይደርስበት ይመሻል።

የቀረው ስሙን «ለባለቤቱ እንመልስ» የሚለው ነው። ባለቤት የተባለችው ሱዳን ናት። «ሱዳን» ምን ማለት ነው? ዐረቦች «ቢላድ አስ-ሱዳን» ይሉት የነበረው፣ የጥቁሮች አገር ማለት ነው። ግሪኮቹ በቋንቋቸው ያሉትን ዐረቦቹም በቋንቋቸው አሉት፤ ሱዳን በ1956 እ.ኤ.አ. ነፃ ስትወጣ ይህንኑ ይዛ ወጣች። ካሜሩን ፖርቱጋሎች ወንዙ ላይ ባዩት ሽሪምፕ የተሰየመች ናት። ኤርትራ የሚለው ስምም ከግሪኩ «ቀይ ባሕር» የመጣ ነው፤ በ1890 እ.ኤ.አ. የሰጧት ጣልያኖች ናቸው፤ የአገሩ ሰው ግን 30 ዓመት የተዋጋው በዚሁ ስም ነው። ግብጾች አገራቸውን «ምስር» ይላሉ (ወጡን አይደለም)፤ እኛ የምንላት «ግብጽ» ከሜምፊስ ቤተ መቅደስ ስም ተነሥቶ በግሪክ አፍ ዞሮ የመጣ ነው። ይመለስ ከተባለ ሰልፉ ረጅም ነው። ጠረጴዛውንም ይዘን መቆማችን ነው።

ደግሞ ስሙን የያዙ ሌሎችም አሉ፤ ብንመልሰው እነርሱን ምን እንላቸዋለን? በ1892 እ.ኤ.አ. ፕሪቶሪያ ላይ ማንጌና ሞኮኔ የተባለ ደቡብ አፍሪካዊ ሰባኪ ከነጮች ቤተ ክርስቲያን ወጥቶ የራሱን ሲያቋቁም «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን» አላት። አድዋ ገና አራት ዓመት ይቀረዋል። ሰውየው የያዘው «ፊቱ የተቃጠለ» የሚለውን ትርጉም አይደለም፤ ያንኑ «ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» የሚለውን የዳዊት ቃል ነው።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ በስልክ መናገር አልቻልኩም፤ ግማሽ ላይ ስትደርስ «ቆይ ወጡ እያረረብኝ ነው» ብላ ዘጋችው። ማታ ራሷ ደወለች። አያቴ የተወችላትን የምኒልክ ብር አንገቷ ላይ እንደምታስረው ስለማውቅ «እስቲ አውልቀሽ አንብቢልኝ» አልኳት። ለማሠሪያ ተብሎ የተበሳበት በኩል ፊደሉ ተበልቷል፤ መነጽሯን ፈልጋ፣ ወደ አምፖሉ ጠጋ ብላ ጀመረች። «ዳግማዊ... ምኒልክ... ንጉሠ ነገሥት...» ዝም አለች። «ዘ... ዘኢትዮጵያ!» ከዚያ የዓመቱን ቁጥር ለማውጣት ትንሽ ታገለች፤ በግእዝ ነው የተጻፈው፣ ፲፰፻፹፯። «ሰማንያ ሰባት ነው እንዴ? አባባ እንኳ ያኔ አልተወለደም» አለች። እኔም ፎቶ አንሥታ ጽሑፉን ለላከላት ሰው እንድትልክለት ነገርኳት።